የተሰወረው ጣሳና ደብተሩ

(በተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ሰሞን ከጂኦግራፊ ክበብ አንድ ሰው ተነሥቶ ይናገር በተባለ ጊዜ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ጓደኞቼ ስለ ጣና ዓሣ ወይም ስለ ፎገራ ሩዝ እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ አንድ ጣሳ ልናገር ተነሥቻለሁ። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ጣሳውን ፈልጋችሁ አግኝታችሁታል፤ አንዳንዶቻችሁ ፈልጋችሁ ብታጡት «ውሸት ነው» ብላችሁ አውርታችኋል፤ የሚበልጡት ግን ስለ ምን እንደምናገር እንኳ እንዳልገባቸው ከፊታቸው አነባለሁ።

በትንሽነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፣ በእርሻ ውስጥ የተሰወረ ሀብት ስላገኘው ሰው በወንጌል የተጻፈውን ምሳሌ አጥንቼ ነበር። ያን ጊዜ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ሰውዬው ሀብቱን ካገኘ በኋላ መልሶ መሰወሩ ነው። ያገኙትን መልሶ መደበቅ ምን ዐይነት ነገር ነው እያልሁ መምህሬን አስቸግር ነበር። ዛሬ ይህንኑ የሚያደርጉ፣ ማለት ፈልገው አግኝተው መልሰው የሚሰውሩ ብዙ ሰዎች በዓለም ላይ እንዳሉ ዐውቄአለሁ። ጨዋታው ጂኦካቺንግ ይባላል። እኛ በክበባችን «ሥውር ሣጥን» ብለነዋል።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዳርትሙር በተባለው ረግረጋማ ደጋ ላይ ጄምስ ፔሮት የሚባል መንገድ መሪ በ1854 እ.ኤ.አ. ክራንሚር ፑል ከተባለው ስፍራ አንድ ጠርሙስ አኖረ፤ ያን ያህል በእግሩ ተጕዞ የደረሰ ሰውም የስም ካርዱን ከውስጡ ይተው ነበር። ዛሬ ያለው ጨዋታ ግን የተወለደው ከሳተላይት ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ሲሆኑ፣ መንግሥቱ ከወታደሮቹ በቀር ሌላው ሰው ቦታን በትክክል እንዳያውቅ ምልክታቸውን ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ይህን ማዛባት አቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ክፍለ ሀገር ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ ከጫካ አኑሮ የቦታውን ቍጥር ለሰው ሁሉ አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበረበት፤ ከዚህም ጋር የመዝገብ ደብተር። ደንቡ አጭር ነበር፤ አንድ ነገር ውሰድ፣ አንድ ነገር ተው፣ በደብተሩ ጻፍ። ዛሬ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ሣጥኖች አሉ፤ በአገራችንም ጥቂት ይገኛሉ። ሪቻርድ ጋሪየት የተባለ ሰው እንኳ በ2001 ዓ.ም. አንዱን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ አኑሮአል። (የባቄላውን ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። እንስሳት በሽታ ተስበው ሣጥኑን ይሰባብራሉ በማለት ዛሬ ምግብ ማኖር ተከልክሏል። የጨዋታው አባት ዛሬ ቢሆን ኖሮ ይወቀስ ነበር ማለት ነው።)

መሣሪያው በስልክ ውስጥ ስላለ ለእኛ የሚቀረው ቍጥር በትክክል ማንበብ ብቻ ነው። ወረታ ከተማችን በግምት በ11 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ሰሜንና በ37 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ወደ ሰሜን የሚቈጠረው አንድ ደቂቃ በመሬት ላይ 1,850 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ አንዲት ቍጥር የሳተ ሰው ብዙ መንገድ ይስታል። አንድ ጓደኛችን 55ን 54 ብሎ ስለ ገለበጠ ስድስት ሆነን በሰው ጓያ ማሳ መካከል ቆመን ተገኘን። ባለ ማሳው «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» ቢሉን፣ አንዱ ደንግጦ «ሳተላይት» ብሎ መለሰላቸው። በዚያ ሠፈር እስከ ዛሬ ሳተላይት የጠፋባቸው ልጆች እየተባልን እንጠራለን።

አሁን ወደ ጣሳው እመለሳለሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ በሚያዝያ ወር፣ አራት ሆነን ከርብ ወንዝ ወዲህ ባለው የግጦሽ ሜዳ ከአንድ ዋርካ ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ አኖርን። በውስጡ ደብተር፣ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ሁለት ዶቃና አንዲት ትንሽ ኮምፓስ ነበሩ። ቍጥሩን ወደ ዓለሙ መዝገብ ሳናስገባ በክበባችን ሰሌዳ ላይ ብቻ ለጠፍነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ 11 ገጽ ተጻፈበት። በአራተኛው ሳምንት ጣሳው ጠፋ።

ማን እንደ ወሰደው ለማወቅ ብዙ አልደከምንም። ዕድሜው ከዐሥር ዓመት የማይበልጥ አንድ እረኛ ጣሳችንን በገመድ አንጠልጥሎ፣ ቆሎ ሞልቶበት፣ ከብት ሲጠብቅ አገኘነው። «ሌባ!» ብለን ጮኽንበት። ከሁሉ ቀድሜ የጮኽሁት እኔ ነኝ። ልጁን ይዘን ወደ አባቱ ቤት ሄድን። አባቱ ነገሩን ሰምተው ጣሳውን አስመለሱልን፤ ደብተሩንም ልጁ ራሱ ከቆጥ ላይ አወረደው፤ አንድ ገጽ እንኳ አልተቀደደም ነበር። ከዚያም በኋላ በፊታችን በልምጭ ገረፉት። ልጁ እያለቀሰ «እዚያ ውኃ ይበላዋል፣ እዚያ ውኃ ይበላዋል» ይል ነበር። እኛ ግን የሌባ ምክንያት ነው ብለን አልሰማነውም። ጣሳውን ከዚያው ዋርካ ሥር መልሰን፣ ትልቅ ቁም ነገር እንደ ሠራን ተደስተን ገባን።

በነሐሴ ርብ ሞላ። ትምህርት ሲከፈት ሄደን ብናይ ጭቃው እስከ ጕልበታችን ዋጠን። ውኃው በዋርካው ግንድ ላይ የተወው መስመር ከደረቴ በላይ ነበረ። ጣሳው የለም፤ ደብተሩም የለም፤ ጓደኞቻችን የጻፉት 11 ገጽ ወደ ጣና ወርዷል። እረኛው ከከብቶቹ ጋር እዚያው ነበረ። አልሳቀብንም። እጁን ከግንዱ ላይ አኑሮ «እዚህ ደረሰ» አለኝ፤ ቀጥሎም «ጣሳዋስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድሞቼ፣ እኔ ርብንና ጉማራን በካርታ ላይ ዐይኔን ጨፍኜ ለመሣል እችላለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ እንዳፈናቀሉ ለፈተና ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጣሳውን ከወንዙ መንገድ ላይ አኖርሁት። ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታው ምን እንደሚያደርግለት የገባው አይመስለኝም፤ እርሱ የሚፈልገው ጣሳ ነበር። በማግስቱ አንድ ጣሳ ወሰድሁለት። ልምጩን ግን ልመልሰው አልቻልሁም፤ አባቱን በገበያ ባገኘኋቸው ቍጥር እስከ ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ።

በውጭ አገር ሣጥኑን የሚፈልግ ሰው ጨዋታውን የማያውቅ መንገደኛ እንዳያየው እንዲጠነቀቅ እንደ ትልቅ ደንብ ይነገረዋል። ይህ ደንብ ለሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። በፎገራ ሜዳ ላይ ግን ከእረኛ ዐይን የሚሰወር ነገር የለም፤ ከእረኛ እደብቃለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ስለዚህ በበኩሌ፣ ሣጥን ከመንገደኛ ይሰወር፣ ከሠፈሩ ሰው ግን አይሰወር እላለሁ። በወንጌል የተጻፈው ሰውዬ እንኳ እርሻውን በደንቡ ገዝቶታል፤ እኛ ግን ባለ መሬቱን አንድ ቃል አልጠየቅንም ነበር። ደግሞም ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ በዛሬ ጊዜ ሰው ያስደነግጣል። በ2003 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዌዘርቢ ከተማ አንድ ሰው ከቡና ቤት ደጃፍ የተሰወረውን ትንሽ ሣጥን ሲነካካ ታይቶ፣ ቦምብ ነው ተብሎ መንገዱ ተዘግቶ፣ ወታደሮች መጥተው ሣጥኑን አፈንድተውታል። በሰላም አገር እንዲህ ከሆነ፣ በድልድይ ሥር ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ጣሳ እናኑር የሚል ተማሪ በመካከላችን ቢኖር ከአሁኑ ሐሳቡን ይተው። የቤተ ክርስቲያን ቅጽርና የመቃብር ስፍራም እንደዚሁ አይነካ። መሬት መቈፈር የተከለከለ ነው። በሁለት ሣጥኖች መካከልም ቢያንስ 161 ሜትር እንዲኖር የዓለሙ ደንብ ያዝዛል፤ እኛ ግን ያለን አንድ ጣሳ ስለ ሆነ ይህ ገና አያሠጋንም።

ስለ ልውውጡ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የወሰደ ሰው በዋጋ የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ይተው ነው ነገሩ። ኮምፓሷን ወስዶ የለስላሳ ቆርኪ የተወው ወንድማችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ እንዳለ እገምታለሁ።

ጥበቃው ግን ከመሰወሩ ይልቅ ከባድ ነው። ጣሳን ማኖር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ እርጥበት እንዳይገባው፣ ምስጥ እንዳይበላው፣ ደብተሩ እንዳይሞላ መጐብኘት ግን ክረምት ከበጋ ነው። በዚህ ነገር አባቶቻችንን ማየት ይበቃናል። በግራኝ ጊዜ የየብሱ አብያተ ክርስቲያናት ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሽ ነበርና፣ ስለ መሰወር ከውጭ ሰው የምንማረው ብዙ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ይገባል፣ ማኅደሩም ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከመጽሐፉ ፊትና ኋላ በቀሩት ባዶ ቅጠሎች ላይ ደግሞ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን ለደብሩ እንደ ሰጠው፣ አንዳንድ ጊዜም የመሬት ውል ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። የሚሰርቀውና የሚፍቀውም ይወገዝበታል። እኛ በጣሳችን ላይ ግዝት አልጻፍንም፤ ነገር ግን የሌላውን ጽሑፍ ፍቆ የራሱን ስም በትልቁ የጻፈ አንድ ተማሪ ባየሁ ጊዜ ግዝቱ ለምን እንዳስፈለገ ገብቶኛል።

ስለ አጻጻፉ ደግሞ የተሰማኝን ልናገር። በጠፉት 11 ገጾች ላይ ከተጻፈው የሚበዛው «መጥተናል፣ አይተናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ነበር። ይህ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከዋርካው ሥር ያልደረሰ ሰው ከቤቱ ተቀምጦ ሊጽፈው ይችላል። ወደ ጣና ወርዶ ዛሬም የማዝንለት ሌላው ጽሑፍ ነው። አንዲት እኅታችን «ከጧቱ 2 ሰዓት ደረስን፤ እንቍራሪት በጣሳው ክዳን ላይ ተቀምጣ አላስነሣንም ብላ ጠበቀችን» ብላ ጽፋ ነበር። በመኸር ጊዜ በአዲሱ ደብተር ከተጻፉት ውስጥ ደግሞ ይህች ትገኝበታለች፤

ሩዙን ሲያይ ውሎ ዐይኔ ተሳሳተ፣
ጣሳው ከእግሬ ሥር ነው፣ ልቤ ሩቅ ሸፈተ።

ልቡ ወዴት እንደ ሸፈተ ጸሐፊው አልገለጸም፤ ጓደኞቹ ግን ሩዝ ስታጭድ የነበረችውን ልጅ ያውቋታል። በአንጻሩ አንዱ «ከመንገዱ 612 እርምጃ ወደ ግራ» ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ከሰሌዳው አጠገብ ለጥፎት ነበር። ይህን የመሰለው ጽሑፍ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ደስታ ይሰርቃል። ከሁሉ ይልቅ የምለምናችሁ ግን ፈልጋችሁ ያጣችሁ እንደ ሆነ ማጣታችሁን በሰሌዳው ላይ እንድትጽፉ ነው። ማንም እንዲህ ብሎ መጻፍ አይወድም፤ ያፍራል። ነገር ግን ሦስት ሰው በተከታታይ «አጣሁት» ብሎ ቢጽፍ ጠባቂው ሄዶ ይመለከታል። ያጣውን ሰው ለማስደሰት ብሎ በራሱ ፈቃድ ሌላ ጣሳ የሚተካ ደግሞ አንዱን ሁለት ያደርጋል እንጂ አልረዳንም።

ሁለተኛውን ጣሳ ያኖርነው የልጁን አባት አስፈቅደን ነው። ጣሳውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «የ98ቱ ውኃ ያልደረሰበት እዚህ ነው» ብለው ከሜዳው ከፍ ያለ ጉብታ ራሳቸው አሳዩን። ልጁ አሁን የጣሳው ጠባቂ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። መጻፍ ገና ስለማይችል፣ እዚያ የደረሰ ተማሪ ሁሉ እርሱ የሚናገረውን በደብተሩ ይጽፍለታል። ከነዚህ አንዱን ላንብብላችሁ፤ «ዛሬ ማንም አልመጣም። ትናንት ሁለት መጡ፤ አንዱ ዛፍ ላይ ወጣ። ጣሳዋ ዛፍ ላይ አይደለችም። ዝም አልሁት።»

ደብተሩ 60 ገጽ ነው፤ 14 ገጽ ተጽፎበታል። እርሳሱ ግን ከአውራ ጣት አጥሯል። በመጪው ቅዳሜ ወደዚያ የምትሄዱ ብትኖሩ አንድ እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለጠባቂውም ጥቂት ቆሎ።