ስለ ሙት ልጅ በችሎት ፊት መቆም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ በእግዚአብሔር ቸርነት የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቤታችንና በየደብራችን ያለ ነው። ይኸውም እናትና አባቱን ያጣ ልጅ ጉዳዩ በዳኛ ፊት በቀረበ ጊዜ ስለ እርሱ ማን ይናገርለታል የሚል ነው። ለእጓለ ማውታ እንጀራ መስጠት፣ ልብስ ማልበስና ማስጠጋት የቆየ ምግባራችን ነው፤ ስለዚህም ብዙ ተሰብኳል፤ ብዙም ተሠርቷል። ነገር ግን የጠገበና የለበሰ ልጅም ቢሆን ከማን ጋር እንዲኖር፣ የአባቱን መሬት ማን እንዲጠብቅለት፣ ከወንድሙና ከእኅቱ እንዲለይ ወይም እንዳይለይ የሚወሰነው በችሎት ነው። በዚያች ሰዓት ለልጁ የሚጐድለው ስለ እርሱ የሚናገር አንደበት ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሙት ልጅን በሚያነሡበት በብዙ ቦታ ፍርድን አብረው ያነሣሉ ብንል ከእውነት አንርቅም። በኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ ባልቴትንና ሙት ልጅን የሚያስጨንቅ ሰው ጩኸታቸውን እግዚአብሔር ራሱ እንደሚሰማ ተነግሮታል። በነቢዩ በኢሳይያስ ዘመን የኢየሩሳሌም ሰዎች መሥዋዕታቸውን ባበዙ ጊዜ እግዚአብሔር ከእነርሱ የፈለገው ለሙት ልጅ እንዲፈርዱለት ነበር። ጻድቁ ኢዮብም በ29ኛው ምዕራፍ የቀድሞ ዘመኑን ሲያስብ በከተማይቱ በር፣ ማለት በሸንጎው፣ የሠራውን ያስታውሳል፤ ረዳት የሌለውን ሙት ልጅ ማዳኑን ከተናገረ በኋላ፣ የማያውቀውን ሰው ጉዳይ እንኳ ይመረምር እንደ ነበር ይገልጣል። ይህን ልብ አድርጉ። ኢዮብ ባለጠጋ ነበርና ከመንጋው አንድ በግ ሰጥቶ መሄድ በቻለ ነበር። እርሱ ግን ደክሞ መረመረ፤ መርምሮ ዐወቀ፤ ዐውቆም ተናገረ።

በቋንቋችን ጠበቃ የሚለው ቃል ከመጠበቅ ጋር አንድ ሥር አለው። ስለዚህ ጠበቃ መሆን ነገር ከማወቅ አስቀድሞ ዘብ መቆም ነው። ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ወላጅ እንደሌላቸው ልጆች እንደማይተዋቸው በነገራቸው ጊዜ የላከላቸው ጰራቅሊጦስን ነው፤ የስሙም ፍች አጽናኝና ጠበቃ ማለት ነው።

ጠበቃ የሌለው ልጅ ምን እንደሚያገኘው ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ አምባ መቅደላ አለ። በዚያ አምባ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት በማዕዶት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ላለመስጠት ሲሉ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ልጃቸው ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ። እንግዲህ ሕፃኑ በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ አባትም እናትም አጣ፤ ቀጥሎም አገሩን አጣ።

ወራሪውን ጦር በአስተርጓሚነት የተከተለ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል መኰንን ነበር። ይህ ሰው አስቀድሞ በኢትዮጵያ ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚናገር ስለ ሆነ የሕፃኑ አሳዳሪ እንዲሆን ተደረገ። ወደ እንግሊዝ ይዞት ተሻገረ፤ ኋላም ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። ልጁም በባዕድ ምድር የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚሰማለት ይህ አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበር ተጠጋው፤ ወደደውም። ንግሥት ቪክቶሪያም ሕፃኑን ባየችው ጊዜ ራራችለት። በአገር ቤት የቀሩት አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬም ስለ ልጅ ልጃቸው ወደ ንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ።

እንግዲህ የሚወደው ሰው አልታጣም፤ የሚያስብለትም ነበር። ይሁን እንጂ ወጪውን የሚከፍል የእንግሊዝ መንግሥት ነበርና ጉዳዩ በገንዘብ ሹማምንት እጅ ገባ። እነርሱም ልጁ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ይደግ ብለው ወሰኑ፤ ካፒቴኑ ካለበት ለይተው ወደ ቸልትናም፣ ቀጥሎም ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሰደዱት። በዚያም ደስታ አላገኘም። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ አጠገብ በሳንባ በሽታ ታሞ በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። በመታሰቢያው ነሐስ ላይ የተቀረጸው በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ እንግዳን ስለ መቀበል ጌታ የተናገረው ቃል ነው። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ዐፅሙን ለማውጣት እንደማይችል አስታወቀ።

ወገኖቼ ሆይ! ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሣው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ዓለማየሁ ምን ጐደለው ብለን እንድንጠይቅ ነው። አልተራበም፤ አልታረዘም፤ የተማረውም መኳንንት በሚማሩበት ነው። የጐደለው አንድ ነገር ነበር፤ ሹማምንቱ ሲመክሩ በመካከላቸው ተቀምጦ፣ ከወጪውም ከክብሩም ከፖለቲካውም ነጻ ሆኖ፣ «ይህ ልጅ የሚለው እንዲህ ነው፤ የሚበጀውም እንዲህ ነው» የሚል ሰው አልነበረውም። የሚወዱት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሥልጣን የነበራቸውም እርሱን አላወቁትም።

ዛሬ ሕጉ ከዚያ ዘመን እጅግ የተሻለ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ሥራ ሁሉ የሕፃናት ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ፣ መንግሥትም ለእጓለ ማውታ ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዝዛል። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣውና ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ ልጅ በጉዳዩ እንዲሰማ መብት ይሰጠዋል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለልጁ አካልና ደኅንነት አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት እንዲኖርለት ደንግጓል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆችን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ስለ ተከለከለ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ዕድሉ የሚቈረጠው በገዛ አገራችን ችሎት ነው።

ነገር ግን ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ብቻውን አይሄድም። «በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ አባቶቻችን፤ ይሁን እንጂ ቃሉን የሚናገረው ሰው ያስፈልጋል። በመካነ ሰላም ወይም በሌላ የወረዳ ከተማ የተቀመጠ ዳኛ የሚያየው በፊቱ የቆመውን ነው። ከገደል ማዶ ካለ ቀበሌ ብዙ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ የአሥር ዓመት ልጅን አስቡ። አባቱ ሞቷል፤ እናቱም ሞታለች፤ የቀረለት የይዞታ ደብተር ያለው ጥማድ መሬትና አንዲት ታናሽ እኅት ናት። መሬቱን የሚያርሰው አጎቱ ነው። ዳኛው ልጁን «ከማን ጋር መኖር ትወዳለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ አጎቱ ከጐኑ ቆሟል። በታላቅ ፊት አንገቱን ደፍቶ እንዲቆም የተማረ ልጅ ምን ይመልሳል? ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ፈቃድ ይቈጠርበታል። ምናልባት አጎቱ ደግ ሰው ነው፤ ምናልባትም አይደለም። ይህን መርምሮ ለዳኛው የሚነግር ከሌለ ግን ደጉም ክፉውም አንድ ሆነው ይታያሉ። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት መሬቱን በሚጠይቅበት ቀን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ዴቪድ ሱካፕ የሚባሉ ዳኛ ከወላጆቻቸው ስለ ተለዩ ልጆች በቂ ሳያውቁ መፍረድ ስላስጨነቃቸው በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጎ ፈቃደኞችን ጠሩ። እነዚህ ሰዎች የሕግ ባለሙያ እንዲሆኑ አልተጠየቁም። ሥራቸው አንድን ልጅ ይዘው መከታተል ነው፤ ልጁን በሚኖርበት ቤት ይጐበኙታል፤ ዘመዱን፣ መምህሩንና ሐኪሙን ይጠይቃሉ፤ ያዩትን ጽፈው ለዳኛው ያቀርባሉ፤ ልጁ ቋሚ ቤት እስኪያገኝም አይለዩትም። ይህ ሥራ ኋላ በዚያ አገር በአብዛኞቹ ግዛቶች ተስፋፍቷል።

ይህን ለመሥራት እኛስ ምን ይጐድለናል? ሰንበቴ አለን፤ የጽዋ ማኅበር አለን፤ በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚያዋጣበት ዕድር አለን። ዕድሩ ለሟቹ ድንኳን ይተክላል፤ ለሐዘንተኛውም ንፍሮ ያቀርባል። ድንኳኑ በሚነሣበት ቀን ከአባላቱ መካከል አንድ የታመነ ሰው ወይም አንዲት የታመነች ሴት ለቀሩት ልጆች ቢሰየሙ ምን ይከብዳል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የተሰየመው ሰው ሟቹ የተወውን በሬ፣ መሬትና ዕቃ ይመዝግብ፤ የልደትና የሞት ማስረጃ እንዲወጣ ያሳስብ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት አለመቅረታቸውን ይመልከት፤ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ፤ በቀጠሮውም ቀን ከልጁ ጋር ይሂድ። ሕጉ ሞግዚት የልጁን ንብረት እንዲመዘግብና ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ የልጁን ጥቅም ያጓደለም በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል። ታዲያ ጉድለቱን አይቶ ለዳኛው የሚያስታውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን አገልግሎት የሚይዝ ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፣ እውነትን ይናገር፤ እውነቱ ለአጎቱ የሚያደላ ቢሆን እንኳ አይሸሽገው፤ ዓላማው የልጁ ጥቅም ነው እንጂ ዘመዱን መርታት አይደለምና። ሁለተኛ፣ ልጁ በምስጢር የነገረውን በገበያ አያውራ፤ የማይፈጽመውንም ተስፋ አይስጠው። ሦስተኛ፣ ከጀመረ አይተው፤ አንድ ጊዜ የተተወ ልጅን ሁለተኛ መተው ከፊተኛው የከፋ ቁስል ነውና።

«የሰው ነገር ምን አገባኝ? ከዘመዶቹ ጋር ለምን ልጣላ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በአገራችን የመሬት ነገር ደም እስከ ማፍሰስ የደረሰበት ጊዜ አለ። ስለዚህም ነው አንድ ሰው ለብቻው ከሚወጣ በዕድሩ ወይም በማኅበሩ ስም ተሰይሞ ቢወጣ የሚሻለው። ደግሞስ በቀድሞው ሥርዓታችን በመንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊውን ዳኛ አድርገው ያስቀምጡት አልነበረምን? መንገደኛውም ምን አገባኝ ብሎ አያልፍም ነበር። ለጐልማሶች ጠብ የቆመ ሕዝብ ለሕፃን ዝምታ አልቆምም ሊል አይገባውም።

በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው ረኃብ የጣለውን ሕዝብ አዩ። እናታቸው ሞታባቸው የቀሩትን ሕፃናት ሲያዩም ልባቸው አልቻለም፤ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያም የጀመሩት ሥራ ለብዙ ሺሕ ልጆች መጠጊያ ሆነ። እኒህ እናት ሁሉን ልጅ አድን ብለው አልተነሡም፤ በፊታቸው ያገኙትን ነው ያነሡት።

አድማጮቼ ሆይ! የ1966ቱና የ1977ቱ ረኃብ፣ በ2014 ዓ.ም. ወሎን ያዳረሰውም ጦርነት ብዙ ልጆችን ያለ ወላጅ አስቀርቷል። ሁላቸውን ለማዳን የሚበቃ አቅም ከእኛ ከእያንዳንዳችን አይጠየቅም። ነገር ግን በደብራችሁ፣ በሠፈራችሁ ወላጁ የሞተበት አንድ ልጅ አለ፤ ስሙንም ታውቁታላችሁ። የቀጠሮው ቀን መቼ እንደ ሆነ ጠይቁ። በዚያም ቀን ከጐኑ ቁሙ፤ ያያችሁትንም በእውነት ተናገሩለት።

የሙት ልጆች አባት፣ የባልቴቶችም ዳኛ የሆነ እግዚአብሔር እውነትን የሚናገር አንደበት፣ የማይሰለችም ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።