የእንጨት ድልድይና ደብተሩ

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በሰርዶ፣ በሎግያ፣ በሰመራ፣ በዱብቲ፣ ወደ ላይም በአዋሽ ሸለቆ እስከ አዋሽ ከተማ ድረስ በየትምህርት ጣቢያው ተሰብስባችሁ የምታዳምጡን እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ደብተራችሁን ክፈቱ፤ እርሳሳችሁን ያዙ። ማስመሪያ ያለውም ማስመሪያውን ያቅርብ፤ ኋላ ይፈለጋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እንጨት ድልድይ ነው።

በቃሉ እንጀምር። ድ–ል–ድ–ይ። አራት ፊደል ነው፤ አራቱም ሳድስ ናቸው። «ድ» ሁለት ጊዜ መጥታለች። አንዷ በወዲህ፣ አንዷ በወዲያ ቆማ «ል»ን በመሐል ይዛለች። ልክ እንደ ወንዝ ዳርና ዳር ማለት ነው። እንደዚህ ብላችሁ ያዙት፤ አትረሱትም። አሁን በደብተራችሁ ላይ አንድ ጊዜ ጻፉት።

ጻፋችሁ? መልካም። ታዲያ ከመካከላችሁ አንዱ «አገራችን ደረቅ ነው፤ ድልድይ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን በቆላ ምድር ሰውን የሚጎዳው ሁልጊዜ የሚፈሰው ወንዝ ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚከርመው ፈፋ፣ በደጋ ዘንቦ ደራሽ ውሃ በመጣ ቀን ነው ጉዱ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጎርፉ ግን መጥቷል። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለዚህ ነው። አዋሽም ራሱ ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ሲቆጣ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው እንዳፈናቀለ እናንተ ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። በየእርሻው ያለው የመስኖ ቦይም አለ። ከባድ መኪና ለሚያልፍበት አውራ ጎዳና ድልድይ ተሠርቶለታል። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ እናት ጄሪካን አዝላ ወደ ውሃ ለምትሄድበት የእግር መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ያለው አንድ የተጋደመ ግንድ ብቻ ነው። እሱም የለ ይሆናል።

አዋሽና የእንጨት ድልድይ የቆየ ትውውቅ አላቸው። አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ በምኒልክ ዘንድ ያገለግል ነበር። በ1870ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ገደማ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። እንጨቱን ከሩቅ ጫካ ያመጣው ሰው ነው፤ በሸክም። ሚስማሩና ብሎኑ ደግሞ ከሱቅ የተገዛ አይደለም፤ እዚያው ወንዙ ዳር በእጅ እየተቀጠቀጠ ተሠራ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሥራ በመዶሻና በትከሻ ከተሠራ፣ ዛሬ ሳንቃና ሚስማር በየከተማው በሚሸጥበት ዘመን አራት ሜትር ፈፋ ሊያስቸግረን አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገር፤ አዋሽን የሚሻገር ወይም መኪና የሚያልፍበት ድልድይ የመሐንዲስ ሥራ ነው። እኛ የምንናገረው ሰውና እንስሳ ስለሚሻገርበት፣ በጠባብ ፈፋና በቦይ ላይ ስለሚሠራ ትንሽ ድልድይ ነው። ለሱም ቢሆን የሠለጠነ አናጢና ግንበኛ ይፈለጋል።

አንደኛ፣ ቦታውን ምረጡ። ውሃው የሚጣመምበትን ሳይሆን ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን፣ ዳሩም ጠንካራ የሆነውን ፈልጉ። ከዚያ የጎርፉን ምልክት እዩ። ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ ድንጋይ ላይ የቀረ የደለል መስመር፣ ሁሉም ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ይናገራል። ሽማግሌዎችንም ጠይቁ። የድልድዩ እንጨት ከዚያ ምልክት ቢያንስ አንድ ክንድ በላይ ይሁን፤ ጎርፍ ባዶውን አይመጣም፣ ግንድና ቅርንጫፍ እየገፋ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛ፣ እንጨቱን እወቁ። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ለተሸካሚነት ይመረጣል። ነገር ግን እርጥቡን ቆርጣችሁ በቆላ ፀሐይ ላይ ብትተዉት ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ልጡን ልጣችሁ፣ በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ በትንንሽ እንጨት እየለያችሁ ደርድሩት፤ ቀስ ብሎ ይድረቅ። በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ደግሞ ግጦሹን አጥፍቶ ብዙ ሰው አማሯል። እንጨቱ ግን ጠንካራ ነው። አጭርና ጠማማ ስለሆነ ለተሸካሚነት አይሆንም፤ ለእጅ መደገፊያው ቋሚ ግን ይሆናል። ጠላትን ሥራ ማሠራት ማለት ይኼ ነው።

ሦስተኛ፣ አቀማመጡን እወቁ። እስቲ ማስመሪያችሁን አንሡ። ሁለቱን ጫፍ በሁለት መጽሐፍ ላይ አስቀምጣችሁ፣ በጠፍጣፋው አጋድማችሁ መሐሉን በጣት ጫን በሉት። ጎበጠ አይደል? አሁን በጠርዙ አቁማችሁ ጫኑት። አልጎብጥም አለ። እንጨቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ተሸካሚ እንጨት ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በጠርዙ ሲቆም በጠፍጣፋው ከሚተኛው እጥፍ ጭነት ይችላል፤ ጉብጠቱም ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል። ይህን ሳያውቅ ስንት ሰው ጥሩ እንጨት አጋድሞ አበላሽቷል!

አራተኛ፣ ሒሳቡን ሥሩ። ፈፋው 4 ሜትር ነው እንበል። ተሸካሚው በወዲህና በወዲያ ግማሽ ግማሽ ሜትር በድንጋይ ካቡ ላይ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የተሸካሚው ርዝመት 5 ሜትር፣ ማለት 500 ሳንቲሜትር ነው። በላዩ የምናነጥፈው ሳንቃ ስፋቱ 19 ሳንቲሜትር ነው፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል 1 ሳንቲሜትር ክፍተት እንተዋለን። ውሃው በዚያ ይንጠባጠባል፣ የፍየልም ጥፍር አይገባበትም። 19 ሲደመር 1፣ 20። 500 ለ20 ሲካፈል 25። ሃያ አምስት ሳንቃ ያስፈልገናል። ተሸካሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሳንቃ በእያንዳንዱ ተሸካሚ ላይ በሁለት ሚስማር ይመታል። ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ስድስት። ስድስት ጊዜ 25፣ 150። መቶ ሃምሳ ሚስማር ነው። እንግዲህ ሒሳብ የሚችል ሰው ሱቅ ሄዶ ስንት እንደሚገዛ ያውቃል፤ የማይችል ግን ሻጩ የነገረውን ይቀበላል።

ለምን ሦስት ተሸካሚ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሳንቃው ጭነቱን ለሦስቱ ያካፍላል። ግመል ከነጭነቱ 6 ወይም 7 ኩንታል ይሆናል፤ ሲራመድም ያ ሁሉ ክብደት በጥቂት ቦታ ያርፋል። ባጃጅም ከነተሳፋሪው ከዚያ ብዙ አያንስም። ስለዚህ እንጨቱ ስንት እንደሚችል አናጢው ከወረዳው ባለሙያ ጋር ይማከር፤ የተወሰነውም ቁጥር ይጻፍ። የት እንደሚጻፍ ኋላ እንነግራችኋለን።

አምስተኛ፣ እንጨቱ አፈር አይንካ። የእንጨት ጠላቱ ሁለት ነው፤ እርጥበትና ምስጥ። ሁለቱም የሚገቡት ከጫፉ ነው። ተሸካሚውን በድንጋይ ካብ ላይ አስቀምጡት፤ ጫፉን ነፋስ ያግኘው እንጂ በጭቃ አትምረጉት። የኢልግ አገር ስዊዘርላንድ በዚህ ትምህርት ትሆነናለች። በሉሰርን ከተማ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ጣሪያ ስላለው ዝናብ እንጨቱን አያበሰብሰውም። ይህን ያህል ዘመን የኖረው ድልድይ በነሐሴ 1985 ዓ.ም. በእሳት ተያይዞ አብዛኛው ክፍሉ በአንድ ሌሊት ነደደ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተሠራ። ዝናብ ያልቻለውን እሳት ቻለ ማለት ነው። በድልድያችሁ ሥር እሳት አይነድ፤ ከሰልም አይከሰል።

ስድስተኛ፣ የሰርዶን ትምህርት አትርሱ። መሬት ራሷ እንደምትከዳ የሰርዶ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በሳምንቱ፣ መጋቢት 27 ቀን፣ ሌላ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ደገማት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር እየደጋገመች ስትናወጥ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። እንጨት ቀላልና ተለማጭ ስለሆነ መናወጥን ከድንጋይ ይልቅ ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ተሸካሚው ከመቀመጫው ሲንሸራተት ነው። ግማሽ ሜትር ይቀመጥ ያልነውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ በብሎን ከካቡ ጋር ይታሰር። ከተናወጠ በኋላም ሳይመረመር ማንም አይሻገርበት።

እነሆ ድልድዩ ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ፣ እልል ተባለ። ሥራው አለቀ? አላለቀም! አድማጮች ሆይ፣ የዛሬው ንግግራችን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የእንጨት ድልድይ ከጫፉ ይበሰብሳል፣ ከመሐሉ ይሰበራል። ግን በአንድ ቀን አይሰበርም፤ ቀደም ብሎ ይናገራል። የሚያነብለት ሰው ከሌለ ነው በሰው ላይ የሚሰበረው። ስለዚህ ለድልድዩ ሁለት ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ነው። የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል ትልቅ ልማድ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ አይለያዩም፤ ውሃው የት እንዳለ፣ መንገዱ ደህና እንደሆነ በዳጉ ይታወቃል። ነገር ግን በሌሊት ብቻውን የመጣ መንገደኛ ዳጉ የሚያደርሰው ሰው ባያገኝስ? ሰሌዳ ማለት ድልድዩ ዘንድ ቆሞ የሚጠብቀው ዳጉ ነው። እንዲህ ይጻፍበት፦ «ግመል አንድ በአንድ ይሻገር። መኪና ክልክል ነው።» ያ የተወሰነው የክብደት ቁጥርም ይግባበት። በአማርኛም በአፋርኛም ይጻፍ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋርኛ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ገና ፊደል ላልቆጠረ ሰው ደግሞ የግመልና የመኪና ሥዕል ይጨመርበት።

ሁለተኛው የድልድዩ ደብተር ነው። ሰፈሩ ሁለት ሰው ይምረጥ፤ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው፤ በውሃ መንገድ ከሁሉ የበለጠ የምትመላለሰው እሷ ናትና። በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርምሩ፤ አፋሮች ካርማ የሚሉት የክረምት ዝናብ ሳይገባ በሰኔ፣ ካበቃም በኋላ በመስከረም። በመዶሻ ያንኳኩ፤ ደህና እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የተበላ ግን እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል። ጫፉን በወስፌ ይውጉ፤ ወስፌው ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። በካቡ ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ካዩ ምስጥ ነው፤ ይጥረጉት፣ መነሻውንም ይፈልጉ። ከሥሩ ገብተው የመሐሉን ታችኛ ገጽ ይመልከቱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በሐሩር የላላ ሚስማርና ብሎንም ይጥበቅ።

ከዚያ ይጻፍ። እንዲህ ብላችሁ፦ «ሰኔ 5 ቀን። ሦስተኛው ሳንቃ ተሰንጥቋል። ተለወጠ። 6 ሚስማር።» ከሥሩ ፊርማ። የጎርፉም ከፍታ በየዓመቱ ይጻፍ። ሽማግሌ ያስታውሳል፤ ሽማግሌ ግን ያልፋል። ደብተር ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ሳንቃው ካልተለወጠም ይጻፍ፤ «አይቼ ነበር፣ ነግሬ ነበር» የሚባል ነገር ልጅ ከወደቀ በኋላ አይጠቅምም። የተጻፈ ነገር ግን ይጠየቅበታል።

እንግዲህ «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ምን ያደርግልኛል?» የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ መልሱ ይኸውላችሁ። ያቺን አንድ መስመር የምትጽፈው እጅ የማን እንደሆነች አይታወቅም። የእናንተ ልትሆን ትችላለች። በዚያች መስመር ምክንያት አንድ ሳንቃ ይለወጣል፤ በዚያ ሳንቃ ላይም ነገ ጠዋት ልጃችሁ ይረግጣል።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ። እነዚህን አምስት ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ድልድይ፣ ሳንቃ፣ ሚስማር፣ ምስጥ፣ ጥገና። ሒሳብ ደግሞ፦ ፈፋው 4 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 5 ሜትር ቢሆን፣ ስንት ሳንቃና ስንት ሚስማር ያስፈልጋል? በካቡ ላይ የሚቀመጠውን ግማሽ ግማሽ ሜትር አትርሱ። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁም በሰፈራችሁ ያለውን መሻገሪያ ሄዳችሁ እዩ፤ ያያችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ።

እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።