ልብ የወለደው አገር
(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የልብ ወለድ ጸሐፊ የሌለ ዓለም እንዴት ይፈጥራል?» የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደ ወጣ፤ «አገሪቱ ሐኪምና መሐንዲስ ስትሻ እናንተ ስለ ዘንዶና ስለ አስማተኛ ልታወሩን ነውን?» ያሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና ንግግራችን ለእርሱ መልስ እንዲሆን አስበናል።

አስቀድመን የሌለ ዓለም መፍጠር የሥራ ፈት ጨዋታ አለመሆኑን እንይ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበረው ቶልኪን፤ አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ሲያርም ተፈታኙ ባዶ የተወውን ገጽ አገኘ። በዚያም ገጽ ላይ፤ በጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር «ሆቢት» ስለሚባል ፍጡር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ሆቢት ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ራሱም አያውቅም ነበር። (ጓደኞቻችን ይህን ሰምተው ባዶ ገጽ ማስረከብን እንዳይለምዱ አደራ እንላለን።) ከዚያች ዓረፍተ ነገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. አንድ የልጆች መጽሐፍ ወጣ። በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. ደግሞ «የቀለበቶች ጌታ» የተባለው ታላቅ ድርሰት በሦስት ክፍል ታተመ፤ እርሱንም ለመጻፍ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ይህን ያህል ዘመን ምን ሲያደርግ ኖረ? ለፈጠራቸው ሕዝቦች ሰዋስው ያለው ቋንቋ ሠራላቸው፤ የአገራቸውን ካርታ ነደፈ፤ መንገደኞቹ በቀን ስንት ምዕራፍ እንደሚጓዙ ቆጠረ። በአንድ ሌሊት በሁለት ቦታ የምትታየው ጨረቃ አንዷ ሙሉ፤ ሌላዋ ግማሽ እንዳትሆን የቀኑን ሐሳብ እየመረመረ የጻፈውን መልሶ አረመ። ነገሩ ሁሉ ፈጠራ ሆኖ ሳለ ጨረቃዋ ግን መዋሸት አልተፈቀደላትም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፤ ደራሲ የፈለገውን ሕግ ሊያወጣ ይችላል፤ ካወጣው በኋላ ግን የሕጉ ተገዢ ራሱ መሆኑን ነው። ከእኛም መካከል አንድ አገር ከልቡ የሚወልድ ቢኖር ልንጠይቀው የሚገባ አለ፦ ውኃው ከየት ይቀዳል? ጨው ስንት ነው? በበቅሎ ከገበያው እስከ ቤተ መንግሥቱ ስንት ቀን ያስኬዳል? ግብር የሚከፍለው ማን ነው? የሚበላውስ? ስለ አስማተኛው ኃይል ብዙ ተናግሮ፤ ቤተ መንግሥቱን ስለሚመግበው ገበሬ አንድ ቃል የማይናገር ድርሰት ገና ግማሹ አልተጻፈም።

ሁለተኛው ነገር፤ የደራሲ አሳብ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ብዙዎች እንደ መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸዋል። የቶልኪን የድንክዬዎቹ ስሞች አብዛኞቹ ግን ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ግጥም የተለቀሙ ናቸው። ሰው ያነበበውና የሰማው ሁሉ በልቡ ውስጥ እንደ ረገፈ ቅጠል ይበሰብስና አፈር ይሆናል፤ አዲሱ ዘር የሚበቅለውም በዚያ አፈር ላይ ነው።

ታዲያ የእኛ አፈር ምን ያህል የሰባ መሆኑን አስበነው እናውቃለን? አሜሪካዊቱ ደራሲ ኧርሱላ ለጉዊን በ1968 ዓ.ም. ባሳተመችው የአስማተኞች ታሪክ፤ የጥበብ ሁሉ ምሥጢር የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። በዚያ አገር ሰው እውነተኛ ስሙን ሸሽጎ በሌላ ስም ይጠራል። አንባቢዎች ይህን አሳብ ያደንቁላታል። ነገር ግን በግዕዝ «አስማት» ማለት «ስሞች» ማለት እንደ ሆነ፤ ቃሉም የተሠወሩ ስሞችን ከሚጠራው ጸሎት ጋር የተያያዘ መሆኑን ከእኛ ስንቶቻችን እናውቃለን? ደራሲዋ ከእኛ ወሰደች ማለታችን አይደለም። የእርስዋ ልብ የደረሰበት ነገር በእኛ ቋንቋ ውስጥ በአንዲት ቃል ታሽጎ ተቀምጦ እኛ ሳንከፍተው እንዳለን ለማሳየት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገራችን ይህ ነው። አገሩን በልቡ የማይፈጥር ሕዝብ ሌላው ይፈጥርለታል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሳያይ፤ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በጥቂት ቀን ውስጥ «ራሴላስ» የተባለውን የኢትዮጵያ መስፍን ታሪክ ጻፈ። ስለ አገራችን ያወቀው፤ አስቀድሞ ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው ከሎቦ የጉዞ መጽሐፍና ከመሳሰሉት ነበር። የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ራስ ላይ ይጠበቁ እንደ ነበር እናውቃለን፤ በጆንሰን እጅ ግን አምባው ተገልብጦ በተራራ የተከበበ ሸለቆ ሆነ። መጽሐፉ ግሩም ነው፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ጆንሰንን አንወቅሰውም፤ ደራሲ ነውና መብቱ ነው። የሚያሳዝነው፤ የእርሱን ሸለቆ የሚያውቀው አንባቢ በዓለም ላይ ሲበዛ፤ አምባውን በልብ ወለድ የሚያሳየው የራሳችን መጽሐፍ በዚያ መጠን አለመነበቡ ነው።

መንገዱ ግን አልተዘጋም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ባሳተሙት መጽሐፍ፤ ጦቢያ የምትባለውን ልጅ የወንድ ልብስ አልብሰው አሰማርተዋታል። የመጽሐፉ ስም ዛሬ የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ መጠሪያ ሆኖአል። ልብ ይወልዳል ብለን ቋንቋችን ከመሰከረልን መካንነቱን ማን አመጣብን?

ስለዚህ ለጠያቂዎቻችን የምንመልሰው እንዲህ ነው። መሐንዲስም ገና የሌለውን ድልድይ አስቀድሞ በልቡ ያያል፤ ከዚያም በቁጥር ይፈትነዋል። ደራሲም እንደዚሁ ነው። የሌለውን ማየት ያልለመደ ወጣት፤ ያለውን ብቻ ሲጠግን ይኖራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናለን። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት አንድ ተረት በቃላቸው ልክ ጽፈን እንምጣ፤ የዛፉን፤ የወንዙንና የአውሬውን ስም ሳንለውጥ። ነጋሪዎቹ ያረጃሉ፤ እኛም ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስንማር የእነርሱ ቃል ከአፋችን እየራቀ ነው። የዚህ ጋዜጣ ገጾች ለተረቶቹ ክፍት ናቸው። ከእነርሱ አፈር የሚበቅለውን አገር ደግሞ ያኔ እንነጋገርበታለን።