የፕሮስቴት ነቀርሳ ሕክምናና የልብ ጤና



በመንግሥት ሥራ በከተማ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ አባቶቻችሁ በአገር ቤት ናቸው። አባት ከላስታ ደጋ፣ ከሙጃ ተነሥተው ሽንት ቢከለክላቸው ለሕክምና ወደ ከተማ ይመጣሉ። ሐኪሙም የፕሮስቴት ዕጢ ነቀርሳ መሆኑን መርምሮ፣ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ያዝላቸዋል። ዛሬ የምነግራችሁ ከመርፌው ጋር አብሮ ሊታሰብ ስለሚገባው ስለ ልብ ነው።

ይህ ነቀርሳ የሚፋፋው ቴስቶስቴሮን በተባለው የወንድ ሆርሞን ነው። ሐኪሙ ቻርልስ ሀጊንስ ይህን በ1941 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ) አስረድቶ፣ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚያን ዘመን ይሰጥ የነበረው መድኃኒት የሴትን ሆርሞን የሚመስል ኪኒን ነበር። በ1967 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግን በቀን 5 ሚሊግራም የወሰዱት ሕመምተኞች በልብና በደም ሥር በሽታ አብዝተው መሞታቸውን ገለጠ። ነቀርሳውን የገታው ኪኒን ልብን ጎዳ ማለት ነው።

የዛሬዎቹ መርፌዎች ከዚያ ይለያሉ፤ ሆኖም የወንዱን ሆርሞን እጅግ ዝቅ ስለሚያደርጉት ጡንቻ ይሳሳል፣ ስብ ይከማቻል፣ የደም ስኳርና ቅባት ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2010 ስለ ስኳርና ስለ ልብ በሽታ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዘዘ። ሊቃውንቱ በጉዳዩ ሁሉ አልተስማሙም። በ2020 የወጣ ጥናት ሬሉጎሊክስ የተባለውን ኪኒን ከዋጡት 2.9 በመቶ፣ ሉፕሮላይድ የተባለውን መርፌ ከተወጉት ደግሞ 6.2 በመቶ ከባድ የልብ ወይም የደም ሥር አደጋ እንደ ደረሰባቸው አሳየ፤ በ2021 የወጣው ጥናት ግን በሁለት ዓይነት መርፌዎች መካከል ልዩነት አላገኘም።

የላስታ አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሽማግሌው ከማሳ ሲመለሱ ትንፋሽ ቢያጥራቸው «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል፤ በስልክ ብትጠይቋቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ስለዚህ ጥያቄው የእናንተ ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር እንዳለባቸው ለሐኪሙ ንገሩ። ግፊታቸውም፣ የደም ስኳራቸውና ቅባታቸውም አስቀድሞ፣ ከዚያም በየጊዜው ይመርመር፤ ግፊቱን ለመለካት አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አያሻም።

ልብን ፈርቶ መርፌውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ነቀርሳውን መልሶ ማፋፋት ነው፤ ስለ መቀየሩም ሆነ ስለ መተዉ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ደረታቸውን ሲጨንቃቸውና ላብ ሲያጠምቃቸው የመርፌው ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።