ከመኖሪያ ቤት ጋራ የተያያዘ ጋራዥን ከእሳትና ከብርድ ስለ መጠበቅ
(በራዲዮ የተነገረ)



ጋራዥ የሚለው ቃል በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው የመኪና መጠገኛ ሥፍራ መጠሪያ ሆኖ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ከመኖሪያ ቤታችን ጎን፥ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሠራው የመኪና ማሳደሪያ ክፍል ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ሳሎኑ ወለልና ስለ መስኮቱ መስተዋት ብዙ ሲጨነቅ፥ ስለዚህ ክፍል የሚጨነቀው መኪናው መግባቱንና መውጣቱን ብቻ ነው። ነገር ግን ነዳጅ፥ የጋለ ሞተር፥ የቀለም ቆርቆሮ፥ አሮጌ ጎማና ትርፍ የቡታጋዝ ሲሊንደር በአንድነት የሚያድሩበት ክፍል ይህ ነው። ከግድግዳው ማዶም ብዙ ጊዜ ልጆች ተኝተዋል።

«ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ አይቃጠልም» የሚል መልስ ዘወትር ይሰማል። ብሎኬት አለመቃጠሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን መሰላል አቁማችሁ በኮርኒሱ መግቢያ ወደ ላይ ተመልከቱ። በብዙ ቤቶች መለያው ግድግዳ በኮርኒሱ ልክ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ሥፍራ ከጋራዡ እስከ መኝታ ቤቱ ድረስ ያለ አንዳች መከለያ የተዘረጋ ነው። በውስጡ ያለውም የደረቀ ባሕር ዛፍ፥ ሞራሌና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ጋራዡ ራሱ ኮርኒስ ያልተሠራለት ከሆነ፥ እሳቱ የሚያግደው ሳያገኝ ወደ ቆርቆሮው ይወጣል፤ በቆርቆሮውም ሥር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ብሎኬቱ እንደ ቆመ እሳቱ ከተኙት ሰዎች ራስ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃው ሰው፥ ከቀለሙም ከበሩም አስቀድሞ ይህን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያስቀጥለው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ብሎኬቱ ከተደረደረ በኋላ በሁለቱም ወገን ይለሰናል፤ ያልተለሰነ ብሎኬት በመጋጠሚያው በኩል ጢስ ያሳልፋልና። የቆርቆሮው ሸንተረር ከግድግዳው ጋራ የሚገናኝበትና ሞራሌው የሚያልፍበት ቀዳዳም በሲሚንቶና በአሸዋ ልውስ ይደፈናል። ግንበኛው ግድግዳው ተጨማሪ ክብደት አይችልም ያለ እንደ ሆነ፥ በብረት ማቀፊያ ላይ የጄሶ ሰሌዳ መምታት ይቻላል።

ስለ ጄሶ ጥቂት ልናገር፤ ብዙ ሰው ለጌጥ ብቻ የተሠራ ይመስለዋልና። ጄሶ ደረቅ ሆኖ ሲታይ እንኳ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከውስጡ ጋራ የተዋሐደ ውሃ ነው። እሳት በአንድ ወገን ሲመታው ይህ ውሃ እንፋሎት እየሆነ ይወጣል፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅም ድረስ የማዶው ገጽ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ቤተ ሰብ ነቅቶ የሚወጣው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ደንብ ለመለያው ግድግዳ ቢያንስ 12.7 ሚሊሜትር፥ ከጋራዡ በላይ መኖሪያ ክፍል ሲኖር ደግሞ ለኮርኒሱ 15.9 ሚሊሜትር እሳት የሚቋቋም የጄሶ ሰሌዳ ይጠይቃል። ወደ ቤት የሚያስገባውም በር ወጥ እንጨት ከሆነ ውፍረቱ ከ35 ሚሊሜትር እንዳያንስ ያዛል። የጭቃ ቤት ያለው ሰውም አይዘን፤ ስንጥቁ እየተደፈነ የሚለሰን ጭቃ እንጨቱን ከእሳት ይሸፍንለታል።

ወደ ብርዱ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የጋራዡ ቅዝቃዜ በጎረቤቱ ክፍል ይታወቃል። ብዙዎች ርካሽና ቀላል ነው በማለት ነጩን ፎም በግድግዳውና በኮርኒሱ ላይ ይለጥፋሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ፎም ይቀልጣል፤ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ ጥቁርና መርዛም ጢስም ያወጣል። ከቀለጠ ድንጋይ ተፈትሎ እንደ ሱፍ የሚዘጋጀው መከላከያ ግን አይነድም፤ ዋጋው ቢበልጥም የሚያስፈልገው ለአንድ ግድግዳና ለአንድ ኮርኒስ ብቻ ነው።

ቀዳዳ እንድፈን ስንል ወደ ቤት የሚያመራውን ማለታችን እንጂ ወደ ውጭ የሚያስተነፍሰውን አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተኝቶ ምድጃ ወዳለበት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የጋራዡ ወለል ከቤቱ ወለል ዝቅ ይበል፤ በውጭው በር ግርጌም የአየር መውጫ ይተውለት።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ በብዙ ግቢዎች የኤሌክትሪክ መኪና ታይቷል። ነዳጅ ስለሌለው ሥጋት የለውም የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ባትሪው አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ለማጥፋት ብዙ ውሃ ይጠይቃል፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ይልቁንም መኪናው ለብዙ ሰዓታት ያለ ማቋረጥ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፥ ከማከፋፈያው ሳጥን የራሱ መስመር፥ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ሊወጣለት ይገባል። በማራዘሚያ ገመድ መሙላት ፈጽሞ አይገባም። ሶኬቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚሞቅ ከሆነ መሙላቱ ቆሞ ባለሙያ ይጠራ።

የቀረው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። በከተማችን ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዪቱ ከጋራዡ ጋራ በተያያዘች ጠባብ ክፍል፥ አንዳንድ ጊዜም በጋራዡ በራሱ ውስጥ ያድራሉ። በብርድ ወራት የከሰል ምድጃ ይዘው የሚገቡም አሉ፤ የከሰሉ አየር ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። የጠቀስነው ደንብ ከጋራዥ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል የሚከፈት በር እንዳይኖር ይከለክላል። እንዲህ ያለ ክፍል በግቢያችሁ ካለ፥ በጋራዡ በኩል ያለው በር ተደፍኖ ወደ ግቢው በቀጥታ የሚያወጣ ሌላ በር ይከፈትለት። በብረት ፍርግርግ የተዘጋ መስኮት መውጫ ተብሎ አይቈጠርም።