ስለ እኩልነት የምንናገራቸው ቃላትና የእኛ ጀመዓ
(በመስጂዳችን የምሥረታ በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የመስጂዱ ኮሚቴ ስለ «ብዝኃነት፣ አካታችነትና ማኅበራዊ ፍትሕ» እንድናገር ሲያዘኝ ትንሽ ደንገጥ ብዬ ነበር። እነዚህ ቃላት በስብሰባና በሥልጠና አዳራሽ ሲነገሩ እሰማለሁ እንጂ በደረሳነቴ ዘመን ሸይኾቼ ፊት ቁጭ ብዬ የቀራኋቸው አይደሉም። ሁለተኛ ደረጃ ስማር በሥነ ዜጋ ትምህርት አንዳንዶቹን ለፈተና ሸምድጃለሁ፤ ከፈተናው በኋላም ረስቻቸዋለሁ። ቃል ለሰው ምን ያህል ክብደት እንዳለው የተረዳሁት ከአባቴ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ከወጡት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። እንደሚታወቀው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። ሙስሊሙ ደግሞ በመንግሥት አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ ይጠራ ነበር። በዚያ ዕለት ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ወጣ፤ ጥያቄያችንን የደገፉ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ነበሩ። ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች መካከል የበዓላት መከበር፣ የመሬት ባለቤትነትና የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ይገኙበታል። አንደኛው ጥያቄ ግን ስለ ቃል ነበር፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚል።

ልጅ ሳለሁ ይህ ጥያቄ አነሰብኝና አባቴን ጠየቅኋቸው። መሬት እያለ፣ ሹመት እያለ፣ ለአንድ ቃል ብሎ ፀሐይ ላይ መቆም ለምን አስፈለገ? እሳቸውም «የሚኖር ማለት እኮ ተከራይ ማለት ነው። ተከራይ ቤቱን ቢያድስም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ልቀቅ ይለዋል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሰዎችም ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ነው። ከሰልፉ እስከዚያ አዋጅ ያለውን ዘመን ራሳችሁ ቁጠሩት።

ወደ ዛሬዎቹ ቃላት እንመለስ። «ማካተት» ሲባል የሚያካትት አለ፣ የሚካተት አለ። የሚያካትተው በሩ ላይ የቆመው ነው። «መቻቻል» የምንለውም ቢሆን «ቻለ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሸክምን ነው የምንችለው፤ ጎረቤቴ ሸክም ነው ወይ ያሰኛል። ቃላቱ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ከጠብ መቻቻል በእጅጉ ይሻላል። ነገር ግን በአባቴ ሚዛን ስመዝናቸው «የሚኖሩ» የምትለዋ ቃል ውስጣቸው ተደብቃ አገኛታለሁ። «ፍትሕ» የሚለው ቃል ለእኔ ጠንከር ይላል። ሥሩ በግዕዝም በዐረብኛም አንድ ነው፤ በግዕዝ መፍታትም መፍረድም ነው፣ በዐረብኛ ደግሞ መክፈት ነው። ከአላህ ስሞች አንዱ የሆነው አል-ፈታሕ በሰበእ ሱራ ውስጥ የተነገረው በሰዎች መካከል ስለሚሰጥ ፍርድ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ተበዳይነታችንን ብቻ የምዘረዝር መስሏችሁ እንደሆነ ይቅርታ። ዋናው ነገሬ አሁን ነው የሚመጣው፤ እሱም የራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኒካሕ እንዳስር ተጠራሁ። ወጣቱ ሰላቱን ጠባቂ፣ በሥራው ታታሪ ነው። ልጅቷ ወዳዋለች፣ አባቷም ፈቅደዋል። አጎቶቿ ግን ሌሊት ቤቴ መጥተው «የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ዘራቸው ይታወቃል» አሉኝ። የተናገሩትን ሌላ ቃል እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ምን አደረግሁ? ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር፤ ከዝምታም አለፍኩ። «በፊቅህ ከፋአ የሚባል ነገር አለ፣ የተጋቢዎች አቻነት ይታያል» አልኳቸው። እነሱ የመጡት በስድብ ነበር፤ የሄዱት በኪታብ ቃል ነው። ኒካሑም ፈረሰ።

እርግጥ ነው፣ የሻፊዒይና የሐነፊይ ሊቃውንት ከአቻነት መለኪያዎች መካከል ሙያን ቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ መብት የልጅቷና የወልይዋ ነው፤ እነሱ ከተዉት ኒካሑ ይጸናል። አጎቶችም ሰፈርተኛም ጉዳያቸው አልነበረም። ይህን የቀራሁ ሰው ነኝ፤ ግን ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ዋጥኩት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የበኑ በያዷ ሰዎችን፣ ዋግምት በማድረግ ይተዳደር ለነበረው ለአቡ ሂንድ እንዲድሩለትና ከእሱም ወገን እንዲያገቡ እንዳዘዙ በሐዲሥ ተላልፏል። ብረት የለሰለሰላቸው፣ ጥሩር የሠሩት ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ናቸው፤ ይህም የሚገኘው በዚያው በሰበእ ሱራ ነው። እኛ ሱራውን በሰላት እንቀራለን፤ ሰላም ብለን ስንወጣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ዓይን እንፈራለን።

አባቶቻችን መሬት በተከለከሉበት ዘመን ብዙዎቹ በሽመናና በንግድ ነበር ያደሩት፤ ለሽመናቸውም ተሰድበዋል። ያን ስድብ የቀመሰ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። ታዲያ አባቴ «ተከራይ አይደለሁም» ብለው የወጡበትን ነገር እኔ በሌላው ላይ ፈጸምኩት።

ወጣቱ ከዚያ ወዲህ እዚህ አይሰግድም፤ ራቅ ካለ መስጂድ ነው ጁሙዓውን የሚያሳልፈው። ባለፈው ረመዷን ዋዜማ ቤቱ ሄጄ ዓፍው ጠየቅሁት። ቡና አፈሉልኝ፣ አከበሩኝ። ይቅር ብያለሁ አለኝ፤ ቀጥሎ ግን «ሼኽ፣ ለእኔ ቤት መጥተው የነገሩኝን በጀመዓው ፊት ተናግረውታል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እነሆ ዛሬ ተናገርኩት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የዚህ መጽሔት ረቂቅ ሲታይ ለመስጂዱ ግንባታ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም በዝርዝር ገብቶ ነበር፤ ይገባቸዋልም፣ አላህ ይቀበላቸው። የግቢውን በርና የሴቶቹን መስገጃ መስኮቶች ያለ ክፍያ የሠሩት የዚህ ወጣት አባት ግን የሉበትም፤ ውኃና ምሳ ለሠራተኞቹ ይዘው ይመላለሱ የነበሩት እናቶችም የሉበትም። «ልዩ ልዩ ሠራተኞች» በሚል አንድ መስመር ታልፈዋል። እያንዳንዳቸው በስማቸው እንዲጻፉ ለኮሚቴው አመልክቻለሁ፤ ኮሚቴውም ተቀብሎታል። ስማቸው የተዘለለ ካለ፣ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ከዐስር ሰላት በኋላ እየመጣችሁ አስመዝግቡ።