ጥቁሩን ፍቆ ነጩን ማውጣት
(በአዋሽና በሰመራ ሥዕል የምንሠራ አባላት በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያቀረብነው ንግግር)



የምንነግራችሁ በፍቅፋቅ ስለሚሠራ ሥዕል ነው። ጥቁር የተቀባ ሰሌዳ በሹል ነገር ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ነጭ ይወጣል፤ ሥዕሉ ያ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ለጋዜጣና ለመጽሐፍ ሥዕል በእንጨት ቅርጽ ምትክ ይሠሩበት ነበር።

እኛ የጀመርነው ልጆች በትምህርት ቤት እንደሚሠሩት ነው፤ ካርቶን ላይ የሰም ከለር፣ በላዩ ጥቁር ቀለም። አዋሽ ላይ አማረልን። ሰመራ ስንወስደው ግን ሙቀቱ ሰሙን አላላው፤ ሥዕሎቹም እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። ገዢዎቻችን መለሱልን፤ ገንዘባቸውን ከቁጠባችን ከፈልን። የአዋሾቹ በሰመራዎቹ፣ የሰመራዎቹ በአዋሾቹ ጥፋቱን አሳበብን። ሥራውን ልንተወው ትንሽ ነበር የቀረን።

የተውነው ሰሙን ነው። አሁን ጀሶ በኮላ ጥቂት በጥቂት እየበጠበጥን ኮምፔንሳቶ ላይ በስሱ ደጋግመን እንቀባለን። ሲደርቅ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሰዋለን። ከዚያ ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተን ጥላ ውስጥ እናደርቃለን።

ንድፉን አስቀድመን ወረቀት ላይ እንሠራለን። የወረቀቱን ጀርባ ጠመኔ ቀብተን ሰሌዳው ላይ እናስቀምጥና መስመሩን በእርሳስ እንከተላለን። መፋቂያችን መርፌና ምላጭ ነው። ጭረት ሲቀራረብ ብርሃን፣ ሲራራቅ ጥላ ይሆናል። ይህን ፈጥነው የያዙት ከዘምባባ ቅጠል ሰሌን የሚሠሩት የአፋር እናቶቻችን ናቸው፤ እጃቸው መስመር መቁጠር የለመደ ነው። ላብ ቀለሙን እንዳያበላሸው ከእጃችን ሥር ወረቀት እናነጥፋለን፤ ብናኙንም በለስላሳ ብሩሽ እንጠርጋለን። ትንሽ ስህተት በቀለም ተሸፍኖ እንደገና ይፋቃል። በጥልቀት የተጫረ ግን አይመለስም።

ደጋፊዎቻችን፣ ሥዕል ስታዙን በቂ ቀን ስጡን። በደንብ ያልደረቀ ሰሌዳ ሲፋቅ ይፈረፈራል፤ ኪሳራውም ተመልሶ ቁጠባችን ላይ ይመጣል።

ከተበላሹት ሥዕሎች አንዱን አልጣልነውም፤ የምንሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። አዲስ አባል ስትመጣ መጀመሪያ የምናሳያት እሱን ነው።